ሰንጋው አንገት ላይ ያለችው እብጠት ምን ትላለች?

ጠያቂና መላሽ

በዚህ እትም ከአዳማና ከአካባቢዋ አድላቢዎች፣ ነጋዴዎችና የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች ስለ ከብት ቲቢ ምርመራ የደረሱንን ጥያቄዎች ሰብስበን መልሰናል።

ጥያቄ፦ አዳማ ዳር ባለው ማድለቢያዬ 180 የቦረና ወይፈኖች አስገብቻለሁ። ገዢው የቲቢ ምርመራ ይደረግላቸው ብሎኛል። የማውቀው የደም ምርመራን ነበር፤ ይሄኛው ግን አንገት ላይ ተወግቶ ከ3 ቀን በኋላ ይታያል ይሉኛል። ምን ላዘጋጅ? ስንት ቀንስ ሥራ ያስፈታኛል? (አድላቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ የነገሩዎት ልክ ነው። ወይፈኖቹ ሁለት ጊዜ ብቻ ይያዛሉ፤ የሚወጉ ዕለትና በ72ኛው ሰዓት። በመሃል እንደልማዳቸው መኗቸውን ይበላሉ፣ ሥራዎም አይፈታም።

የሚወጋው ቱበርኩሊን ይባላል። ከሞቱ ባክቴሪያዎች ተጣርቶ የወጣ ፕሮቲን ነው፤ ሕይወት ያለው ነገር ስለሌለበት ጤነኛውን ከብት ቲቢ አያሲዘውም። ሮበርት ኮክ እ.ኤ.አ. በ1890 ይፋ ሲያደርገው ለቲቢ መድኃኒት ይሆናል ብሎ ነበር። መድኃኒትነቱ ከሸፈ፣ መርማሪነቱ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ያገለግላል። ባክቴሪያው የገባበት ከብት ሰውነት ፕሮቲኑን ስለሚያውቀው የመከላከያ ሴሎቹ ወደ ተወጋው ቦታ ይተማሉ፤ ቆዳው ይወፍራል። ሴሎቹ ቀስ ብለው ነው የሚደርሱት፤ 3 ቀን የሚጠበቀውም ለዚህ ነው።

በእኛ አገር ሁለት ቦታ መውጋት ይሻላል፤ አንዱ የወፍ ቱበርኩሊን፣ ሌላው የከብት ቱበርኩሊን። አፈር ውስጥ፣ ኩሬ ውኃ ውስጥ፣ የወፍ ኩስ ላይ የቲቢ የሩቅ ዘመድ የሆኑ ብዙ ባክቴሪያዎች አሉ። ከኩሬ ሲጠጣ ያደገ ወይፈን እነሱን ያውቃቸዋልና በከብት ቱበርኩሊን ብቻ ቢወጋ ሳይታመም ሊያብጥ ይችላል። የወፉን ጎን ለጎን ስንወጋ ግን የትኛውን አብልጦ እንደሚያውቅ ይለያል።

ከእርስዎ የሚፈለገው ዋናው ነገር ጠንካራ ክራሽ፣ ማለትም ከብቱ እንዳይንቀሳቀስ የሚያዝበት ጠባብ መተላለፊያ፣ ነው። አንገቱ የሚወራጭ ሰንጋ ላይ የሚሊሜትር ሥራ አይሠራም። ሁለተኛው የጆሮ ቁጥር ነው፤ "ቀዩ ቀንደ ረጅም" ተብሎ የተመዘገበ ወይፈን በሚነበብበት ዕለት ሦስት ሆኖ ይገኛል። ሦስተኛው ከእርስዎ ሠራተኞች አንድ ጽሕፈቱ የሚነበብ ሰው ነው። የሚለካው ሰው መጻፍ የለበትም።

ቱበርኩሊኑን በተመለከተ ለእያንዳንዱ ከብት ከየዓይነቱ 0.1 ሚሊሊትር ይሄዳል። ለ180 ወይፈን ከየዓይነቱ 18 ሚሊሊትር መሆኑ ነው። ጠርሙሱ ባለ 5 ሚሊሊትር ከሆነ ከየዓይነቱ 4 ይያዝ፤ ትርፏ 2 ሚሊሊትር ለሚፈሰውና ለሚደገመው ናት። ማቆያው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። የአዳማን ሙቀት ያውቁታል፤ ጠርሙሱን ፀሐይ ላይ ጠረጴዛ ላይ ማሰለፍ ገንዘብ መድፋት ነው። በረዶ ላይ በቀጥታ ማስቀመጥም ያው ነው፤ ከቀዘቀዘ ይበላሻል። በጨርቅ ተጠቅልሎ በበረዶ ሣጥን ውስጥ ይቆይ፣ በሥራ ላይ ያለው አንዱ ብቻ ይውጣ። የተከፈተ ጠርሙስ በዚያው ቀን ያልቃል ወይም ይጣላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በአንገቱ ጎን፣ መካከለኛው ሲሶ ላይ፣ ሁለት ቦታ በምላጭ ይላጫል። የላይኛው ከአንገቱ የላይ ጠርዝ 10 ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ ብሎ፣ የታችኛው ከእሱ 12 ሴንቲሜትር ያህል ወርዶ። ከመላጨት በፊት ቦታው በእጅ ይዳሰስ፤ እባጭ፣ የመዥገር ቁስል ወይም የእሳት ምልክት ካለበት ይቀየር። ከደጋ የመጡ ያረሱ በሬዎች ካሉዎት ቀንበር ያጠነከረው ቆዳ ላይ እንዳይሠራ ይጠንቀቁ። እዚያ ላይ የሚገኘው ልክ አያስተማምንም።

ከዚያ ቆዳው በሁለት ጣት ተቆንጥጦ እጥፋቱ ካሊፐር በተባለው የውፍረት መለኪያ ይለካል፣ ቁጥሩ ይጻፋል። ላይ የወፉ፣ ታች የከብቱ ይወጋል። መርፌው አጭር ነው፤ ቆዳው ውስጥ እንጂ ከቆዳው ሥር መግባት የለበትም። ከተወጋ በኋላ በጣት ሲዳሰስ የአተር ፍሬ የምታክል ጓል ካልተገኘች ቱበርኩሊኑ ከቆዳው ሥር ገብቷል ወይም ፈስሷልና ወዲያው ሌላ ቦታ ይደገማል። ይህች አተር የምርመራው ነፍስ ናት። የሚመረምርልዎት ባለሙያ እያንዳንዱን ከብት ከወጋ በኋላ በጣቱ ካልዳሰሰ "አተሯ የት አለች?" ብለው ይጠይቁት። አይቆጣም፤ ቢቆጣም ይጠይቁት።

ለሁለቱ ቱበርኩሊኖች ሁለት የተለያየ ቀለም ምልክት ያላቸው መርፌዎች ይኑሩ። የወፉና የከብቱ ከተለዋወጡ ውጤቱ ይገለበጣል፤ በሽተኛው ጤነኛ፣ ጤነኛው በሽተኛ ይባላል።

ቀኑን ሲመርጡ ከ3 ቀን በኋላ ያለውን ቀን አስቀድመው ይዩ። ሐሙስ የተወጋ እሑድ ይነበባል፤ እሑድ ደግሞ ማን ይመጣል? ሰኞ ተወግቶ ሐሙስ፣ ወይም ማክሰኞ ተወግቶ ዓርብ ቢነበብ ይሻላል። አንድ ወይፈን 3 ደቂቃ ቢወስድ 60ው 3 ሰዓት ነው፤ ስለዚህ 180ውን በሦስት ጠዋት መከፋፈል ይቻላል። በተወጉበት ቅደም ተከተል ይነበቡ፤ ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት የተወጋው ሐሙስ ጠዋት 2 ሰዓት አካባቢ ይለካ። የጥቂት ሰዓት መዛነፍ ይታለፋል፤ በ48 ሰዓት ወይም በ96 ሰዓት ማንበብ ግን ሌላ ምርመራ እንደማድረግ ነው።

የሚያነበው የለካው ራሱ ሰው፣ በያዘው ካሊፐር ቢሆን ይመረጣል። አንዱ ካሊፐሩን ጠበቅ፣ ሌላው ላላ አድርጎ ቢይዝ የ2 ሚሊሜትር ልዩነት ከሰዎቹ እንጂ ከከብቱ አይመጣም። ከአጥር ውጭ ቆሞ "ምንም አላበጠም" ማለት ደግሞ ምርመራ አይባልም።

ጥያቄ፦ በቅርቡ ሥራ የጀመርኩ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ያነበብኳቸው ሦስት ወይፈኖች አደናገሩኝ። አንደኛው የወፉ ከ7 ወደ 9፣ የከብቱ ከ7 ወደ 14 ሚሊሜትር ሄደ። ሁለተኛው የወፉ ከ8 ወደ 13፣ የከብቱም ከ8 ወደ 13። ሦስተኛው የወፉ ከ7 ወደ 8፣ የከብቱ ከ7 ወደ 11። አንዱ ባልደረባዬ መለያው 4 ሚሊሜትር ነው ሲል ሌላው 2 ነው ይላል። (ከወንጂ)

መልስ፦ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ያልተግባቡት ጥያቄው ስለተለያየ ነው።

ስሌቱ አንድ ነው፦ የከብቱ ጭማሪ ሲቀነስ የወፉ ጭማሪ። የመጀመሪያው ወይፈን 7 ሲቀነስ 2፣ 5 ይሆናል። በየትኛውም መለያ ምላሽ ሰጥቷል፣ ክርክር የለውም። ሁለተኛው 5 ሲቀነስ 5፣ 0 ነው። በዓይን ሲታይ ከሁሉም ይልቅ የሚያስደነግጠው እሱ ነው፣ ሁለቱም ቦታ ተንጠልጥሏል። በከብት ቱበርኩሊን ብቻ ተወግቶ ቢሆን ኖሮ በሽተኛ ትሉት ነበር። አሁን ግን ነጻ ነው፤ የሚያውቀው የኩሬውንና የወፉን ባክቴሪያ ነው።

የባልደረቦችዎ ክርክር በሦስተኛው ላይ ነው። 4 ሲቀነስ 1፣ 3 ሚሊሜትር። በዓለም አቀፉ መደበኛ አነባበብ ከ4 በላይ ከሆነ ምላሽ ሰጪ፣ ከ1 እስከ 4 ከሆነ አጠራጣሪ፣ ከዚያ በታች ከሆነ ነጻ ነው። በጥብቁ አነባበብ ግን ከ2 በላይ የሆነ ሁሉ ምላሽ ሰጪ ይባላል። ዜቡ በሚባሉት ሻኛ ያላቸው የአገራችን ከብቶች ላይ ምርመራውን ከቄራ ግኝት ጋር ያነጻጸረ ጥናት የ2 ሚሊሜትሩ መለያ ብዙ በሽተኞችን እንደሚይዝ አሳይቷል፤ የ4ቱ አንዳንዱን በሽተኛ ያስመልጣል።

የእኛ ምክር ይህ ነው። ለወጪ ንግድ ከሆነ ገዢው አገር የጻፈውን መለያ ተከተሉ፤ የእናንተ አስተያየት ቦታ የለውም። ለማድለቢያው ጤና ከሆነና በዚያው ቡድን ውስጥ አንድ እንኳ እንደ መጀመሪያው ወይፈን ያለ ከተገኘ ሌሎቹን በሙሉ በ2 ሚሊሜትር አንብቧቸው። በሽታው ግቢው ውስጥ መኖሩ ከታወቀ በኋላ አጠራጣሪውን ይቅር ማለት ውድ ነው። ሦስተኛው ወይፈን ከመጀመሪያው ጋር በአንድ ገንዳ ሲጠጣ ከቆየ ለይታችሁ ያዙት።

ከቁጥር ውጭ የሚጻፍም ነገር አለ። የተወጋው ቦታ ፈሳሽ ካወጣ፣ መሃሉ ከሞተና ከጠቆረ፣ ሲነካ ከብቱ ከዘለለ ወይም ትከሻው ፊት ያለው ንፍፊት ካበጠ ይመዝገብ። ጠንካራና ድንበሯ የታወቀች እብጠትና እንደ ሊጥ የላላች እብጠት አንድ አይደሉም፤ ሁለተኛዋ ይበልጥ ታሳስባለች።

ጥያቄ፦ ከሌላ አድላቢ የገዛኋቸው 40 ሰንጎች ከ15 ቀን በፊት ተመርምረው ሁሉም ነጻ ናቸው ተብሏል። ወረቀቱን አላመንኩትም፤ ዛሬ በገንዘቤ ላስመርምራቸው? (ነጋዴ፣ ከሞጆ)

መልስ፦ ዛሬ አያስመርምሯቸው። ቱበርኩሊን ከተወጋ በኋላ የከብቱ ቆዳ ለጊዜው ይደክማል፤ በዚያ ጊዜ በድጋሚ ቢወጋ በሽተኛው ራሱ ላያብጥ ይችላል። ቢያንስ 42 ቀን፣ የተሻለው 60 ቀን መጠበቅ ነው። አጠራጣሪ የተባለ ከብት የሚደገመውም በዚሁ ልክ ነው።

መጠርጠርዎ ግን ጥሩ ነው። ይህንኑ ድካም ለተንኮል የሚጠቀሙበት አሉ፦ ገዢው ከማስመርመሩ በፊት በስውር ቱበርኩሊን ይወጋሉ፣ ሕጋዊው ምርመራ ሲመጣ ከብቱ ዝም ይላል። ዴክሳሜታዞን የተባለውን መድኃኒት መውጋትም ምላሹን ያፍነዋል። ስለዚህ ሲገዙ የአንገቱን ጠጉር ይዩ። ባልታወቀ ምክንያት የተላጨ ቦታ ወይም በቅርብ የበቀለ አጭር ጠጉር ካለ ይጠይቁ። በእርስዎ ሁኔታ 40ዎቹን ከሌላው ከብት ለብቻ አድርገው፣ ገንዳቸውንም ለይተው ያቆዩ፤ ከቀድሞው ምርመራ ጀምሮ 60 ቀን ሲሞላ ያስመርምሩ። የማድለቢያ ዙሩ 90 ቀን አካባቢ ከሆነ 45 ቀን ጠብቀው ቢያስመረምሩ ሳይሸጡ ይደርስልዎታል።

ጥያቄ፦ ምርመራ ነጻ ያለው ሰንጋ ታርዶ ሳንባው መሃል አይብ የመሰለ ነገር የሞላበት እጢ ተገኘ። ሌላው ደግሞ ምላሽ ሰጠ ተብሎ ታረደ፣ ምንም አልተገኘበትም። ታዲያ ምርመራው ምን ይጠቅማል? (የሥጋ ቤት ባለቤት፣ ከአዳማ)

መልስ፦ የሁለቱም ምክንያት ይታወቃል።

የመጀመሪያው ሰንጋ በሽታው ስለጠናበት ዝም ያለ ሊሆን ይችላል። ቲቢው ሰውነቱን በሙሉ የወረሰው ከብት መከላከያው ተሟጦ ቱበርኩሊኑን "አያውቀውም"። የከሳ፣ በቅርብ የወለደች፣ በረጅም ጉዞ የተንገላታ ከብትም ምላሹ ይደክማል። በሌላ ጫፍ ደግሞ በቅርብ የተያዘ አለ፦ ባክቴሪያው ከገባ በኋላ ቆዳው ምላሽ መስጠት እስኪጀምር ከ3 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። ከቦረና ተጭኖ ዛሬ የገባ ወይፈን በመንገድ ላይ ከበሽተኛ ጋር ታጭቆ መጥቶ ከሆነ በነገታው መመርመሩ ምንም አይነግረንም። በዚህ ሁሉ ምክንያት ምርመራው ከ10 በሽተኛ 8 ያህሉን ይይዛል ብለን እናስብ፤ ሁለቱ ያመልጣሉ። ስለ አንዱ ሰንጋ ሲጠየቅ ደካማ፣ ስለ ግቢው በሙሉ ሲጠየቅ ግን ብርቱ የሆነ ምርመራ ነው። ከ180 ውስጥ አንድም ሳያብጥ ሲቀር ስለ ግቢው ብዙ ተምረናል፤ ከአንድ ሰንጋ አንገት ግን ያን ያህል አንማርም።

ሁለተኛው ሰንጋ ምናልባት እጢው ነበረበት፣ ቢላዋው ግን አልደረሰበትም። የከብት ቲቢ መጀመሪያ የሚቀመጠው በንፍፊቶች ውስጥ ነው፤ ከጉሮሮ ጀርባ፣ ከመንጋጋ ሥር፣ ሁለቱ ሳንባዎች የሚገናኙበት፣ አንጀቱ ላይ። ገና የጀመረ ቁስል የምስር ፍሬ ያክላል። የቄራ መርማሪ በቀን ብዙ በድን እያየ በአንድ ቁራጭ ያልፈዋል። ምላሽ የሰጠ ከብት ሊታረድ ሲሄድ ለመርማሪው አስቀድሞ ይነገረው፤ በመጨረሻ ይታረድ፤ ንፍፊቶቹ እንደ ሽንኩርት በስሱ ይከተፉ፤ ሳንባው በእያንዳንዱ ክፍሉ በእጅ ይጨመቅ፣ ይዳሰስ። የቲቢ ቁስል ቢጫማ፣ እንደ ደረቅ አይብ የሚፈረፈር ነው፤ ሲያረጅ ኖራ ስለሚይዝ ቢላዋ ሲያልፍበት አሸዋ እንደመቁረጥ "ቅርሽ" ይላል። ይህን ድምፅ አንዴ የሰማ መርማሪ አይረሳውም።

ግን ቅርሽ ያለ ሁሉ ቲቢ አይደለም። ውኃ የቋጠረ የኮሶ ዘመድ ከረጢት ሳንባና ጉበት ላይ ሲያረጅ እንዲሁ ኖራ ይይዛል፤ ተራ መግልም ያደናግራል። ለማረጋገጥ ንፍፊቱ ለሁለት ይከፈል። አንዱ ግማሽ በ10 በመቶ ፎርማሊን፣ የፈሳሹ መጠን ከሥጋው 10 እጥፍ ሆኖ ይቀመጣል። ሌላው ያለ ምንም ኬሚካል በንጹሕ ክዳናም ዕቃ፣ በበረዶ ሣጥን ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል። ሁሉንም ፎርማሊን ውስጥ መክተት የተለመደ ስሕተት ነው፤ ፎርማሊን የነካው ባክቴሪያ ሞቷልና ላቦራቶሪው ሊያበቅለው አይችልም። በዚል ኒልሰን ቀለም ሲታይ ባክቴሪያው ሰማያዊ መደብ ላይ ቀይ ዘንግ ሆኖ ይታያል፤ ፈጣን ነው፣ ነገር ግን ናሙናው ውስጥ በአንድ ሚሊሊትር ብዙ ሺህ ባክቴሪያ ካልኖረ አያገኘውም፣ የከብቱን ከሰውም አይለየውም። ጂን ኤክስፐርት የተባለው የላቦራቶሪ ማሽንም የቲቢ ቤተሰብ መሆኑን ይናገራል እንጂ የከብቱ ነው የሰው አይልም። ማብቀሉ እስከ 8 ሳምንትና ከዚያም በላይ ይፈጃል፤ የከብቱ ባክቴሪያ ደግሞ በግሊሰሮል ላይ ሰነፍ ስለሆነ ፒሩቬት ያለበት ማብቀያ ይፈልጋል። ናሙናው ሲላክ "ከከብት" ተብሎ በጉልህ ይጻፍ።

ጥያቄ፦ ደም ተወስዶ በአንድ ቀን የሚያልቅ ምርመራ አለ ይባላል። ሰንጋን ሁለት ጊዜ ክራሽ ውስጥ ከማስገባት እሱ አይሻልም? (ከአዳማ)

መልስ፦ አለ፤ የጋማ ኢንተርፌሮን ምርመራ ነው። ከቆዳው ቀደም ብሎ የተያዘውን ከብት ሊይዝ ይችላል፣ ክራሽም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ግን ደሙ በሕይወት መድረስ አለበት። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ሄፓሪን ባለበት ቱቦ ይቀዳል፣ ቱቦው 8 ወይም 10 ጊዜ በቀስታ ይገለባበጣል፣ በረዶ ውስጥ አይገባም። እንደ ሌላው ናሙና አስበው በረዶ ሣጥን ውስጥ የሚጨምሩት አሉ፤ ሴሎቹ ከቀዘቀዙ ምላሽ አይሰጡም፣ ውጤቱም በሐሰት ነጻ ይወጣል። ፀሐይ በበላው መኪና ውስጥ መተውም እንዲሁ። ላቦራቶሪው ደሙን ከቱበርኩሊኖቹ ጋር በ37 ዲግሪ አሳድሮ በማግስቱ ኢላይዛ በተባለው የላቦራቶሪ ዘዴ ያነበዋል፤ ይህ ሥራ ከተቀዳ በ8 ሰዓት ውስጥ ቢጀመር ይመረጣል። ከአዳማ ጎሕ ሲቀድ ተቀድቶ በፈጣን መንገዱ ወደ ሰበታው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት መድረስ ይቻላል፤ ግን ሳይደውሉ አይቅዱ። ኪቱ ከውጭ የሚመጣና ውድ ነው፤ መኖሩን ሳያረጋግጡ የተቀዳ ደም ይባክናል። ለ180 ወይፈን የቆዳው ምርመራ ይሻላል፤ ደሙን አጠራጣሪ ለሆኑት ጥቂቶች ያቆዩት።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ውስጥ ጅራት ሥር ባለው እጥፋት ላይ ብቻ ወግተው ሲመረምሩ በቪዲዮ አየሁ። መላጨት የለ፣ ካሊፐር የለ። እኛስ ለምን አናደርገውም?

መልስ፦ እዚያ የጅራቱ ምርመራ ማጣሪያ እንጂ ፍርድ አይደለም። 0.1 ሚሊሊትር የከብት ቱበርኩሊን ይወጋል፣ በ72 ሰዓት በእጅ ይዳሰሳል፤ ትንሽ እንኳ የወፈረ ካለ ከብቱ ተጠርጣሪ ተብሎ የአንገቱ ንጽጽር ምርመራ ይደረግለታል። የጅራት ቆዳ ከአንገት ቆዳ ይልቅ ደነዝ ነው፣ የወፉ ንጽጽርም የለውም።

ልዩነቱን በቁጥር እንየው። 200 ሰንጋ አለ፣ 4ቱ በእርግጥ ታመዋል እንበል። በአንድ ቱበርኩሊን ብቻ የሚደረግ ምርመራ ከ100 ጤነኛ 3ቱን ቢያስት፣ ከ196ቱ ጤነኞች 6 ያህሉ ያብጣሉ፤ ከ4ቱ በሽተኞች ደግሞ 3 ይገኛሉ። 9 ሰንጋ አብጧል፣ 6ቱ ጤነኛ ናቸው። በሽታው ባነሰ ቁጥር ይህ እየባሰ ይሄዳል። አሜሪካ የተጠረጠረውን ሁሉ የሚደግም ሐኪምና ሥርዓት አለ፤ እኛ ዘንድ ምላሽ ሰጪን እያስወገደ ካሳ የሚከፍል አገር አቀፍ ፕሮግራም ስለሌለ 6 ጤነኛ ሰንጋ በስሕተት ቢወገድ ኪሳራው የእርስዎ ነው። ከመጀመሪያው የወፉን ቱበርኩሊን ጨምሮ መውጋቱ ወጪው ያንሳል።

ጥያቄ፦ ምላሽ የሰጠውን ሰንጋ በመርፌ ማዳን አይቻልም?

መልስ፦ አይሞከር። ሕክምናው ወራት ይፈጃል፣ መድኃኒቱ ሥጋው ውስጥ ይቀራል፣ ከብቱ የዳነ መስሎ ባክቴሪያውን ይዞ ይኖራል፣ ለሰው ለሚያስፈልገው መድኃኒትም መላመድን ያስተምራል። ለይቶ ምርመራ ባለበት ቄራ ማሳረድ ነው። ቁስሉ በአንድ ቦታ ብቻ ከሆነ የተነካው ክፍል፣ ከተስፋፋ መላው በድን ይወገዳል። መልሶ ገበያ ማውጣት ለሌላ አድላቢ በሽታ መሸጥ ነው፤ ብዙ ጊዜም በሚቀጥለው ዙር ተመልሶ ወደ ራስ ግቢ ይመጣል። እሱ የቆመበት ገንዳ ይታጠብ፣ ፀሐይ ይግባው፤ ጥላ ያለበት እርጥብ ፍግ ውስጥ ባክቴሪያው ለወራት ይቆያል።

በዚህ አጋጣሚ፦ በማድለቢያው ግቢ ለቤት የምትታለብ አንዲት የፈረንጅ ላም የምታኖሩ ብዙ ናችሁ። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ የወተት ከብቶች ላይ የተደረገ ጥናት ከተመረመሩት 30 በመቶ ያህሉ፣ ከእርባታዎቹም ከግማሽ በላይ በሽታው እንደነበረባቸው አሳይቷል። ከቦረና ንጹሕ ሆኖ የመጣን ወይፈን ልታሳምም የምትችለው ያቺ ላም ናት። አስመርምሯት፤ ካልሆነም ለብቻዋ አጥር ይኑራት።

ጥያቄ፦ ከብት ጠባቂዬ ከወር በላይ እያሳለ ነው። ከከብቶቹ ይዞት ይሆን? እኛስ ከዚያ ሥጋ ጥሬ እንበላለን፣ ምን ይሻለናል? (ከአዳማ)

መልስ፦ ጠባቂው ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሄዶ አክታውን ያስመርምር። ሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል ለምርመራ ይበቃል። ቲቢ ከሆነ ከሰው የያዘው መሆኑ ይበልጥ የሚገመት ነው፤ እሱም ደግሞ ለከብቶቹ ሊያስተላልፍ ይችላል፤ በአገራችን የሰው ቲቢ ባክቴሪያ ከከብት ላይ ተገኝቷል። ትንባሆ አኝኮ ለመድኃኒት ብሎ ከብት አፍ ውስጥ የመትፋት ልማድ ያላችሁ ካላችሁ ተዉት።

ሥጋን በተመለከተ ባክቴሪያው ቀዩ ሥጋ ውስጥ እምብዛም አይገኝም፤ የሚከማቸው ንፍፊትና ሳንባ ውስጥ ነው። በምርመራ ማኅተም የወጣ ቁርጥ ከዚህ በኩል አያሳስብም፤ ጓሮ የታረደና ማንም ያላየው ሰንጋ ግን ሌላ ነገር ነው፣ በተለይ ጉበቱና ሌላው የሆድ ዕቃው በጥሬው ከተበላ። ቁስል የተገኘበት ሳንባ ለውሻና ለድመት አይወርወር፣ ይቃጠል ወይም በጥልቀት ይቀበር። ከሥጋው ይልቅ አደገኛው ያልፈላ ወተት ነው፤ መርጋቱ ባክቴሪያውን ይገድለዋል ብላችሁ አትተማመኑ፣ ወተቱ ሳይረጋ በፊት ይፍላ።

ጠባቂው ቲቢ ተገኝቶበት ሕክምና ከጀመረ ከከብት ጋር እንደሚሠራ ለሐኪሙ ይንገር። የከብቱ ባክቴሪያ ፒራዚናማይድ የተባለውን፣ ለሰው ቲቢ ከሚታዘዙት ዋና መድኃኒቶች አንዱን፣ በተፈጥሮው አይፈራም፤ ሐኪሙ ይህን ካላወቀ ሕክምናውን እንደ ተራ ቲቢ ይቀጥላል።